ሁለተኛው ደወል

ይህን ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ልጅ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ልጅ ያላችሁ ሁሉ እንድታነቡት ብዬ ነው የጻፍኩት። ጽሑፌ ቢንጋደድም ታገሱኝ። መጻፍ የተማርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነበር።

ሌሊት አይደለም... ገና ብርሃን ነበር።

የምንኖረው ከሩዝ ማሳው ዳር ባለች ትንሽ የኪራይ ቤት ነው። ባለቤቴ ሹንጎ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና የአንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ቺጉሳ ነን።

ማሳው መሃል ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት ረጅም ምሰሶ አለ። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የደወል ዜማ ያሰማል። ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ወደየቤታቸው የሚገቡት እሱን ሰምተው ነው። ብርዱ ገብቶ ቀኑ ሲያጥር ግን ደወሉ ወደ አስር ሰዓት ተኩል ይመጣል።

ያን ሰሞን የሰፈሩ ማስታወቂያ በየቤቱ ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ። በጣቴ ፊደሉን እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ።

"ከ... ነገ... ጀም..."

"እማዬ፣ አንቺ እስክትጨርሺው እኮ ነገ ራሱ ያልፋል!" ቺጉሳ ከእጄ ነጠቀችኝ። "ከነገ ጀምሮ ደወሉ አስር ተኩል ላይ ነው። አለቀ!"

"አንቺ ባለጌ! እናትሽ ላይ ነው የምትስቂው?"

"ጣትሽን አታስከትይ ብዬሻለሁ። ሕፃን ትመስያለሽ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማዬ... ልጆቹ ምን ይላሉ መሰለሽ? ሰዓቱ የሚቀየር ቀን ደወሉ ሁለት ጊዜ ይደወላል። ሁለተኛው የእኛ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"ቤት የሌላቸው ልጆች። ደወሉን ሲሰሙ በየበሩ እየሄዱ 'መጣሁ' ይላሉ። ማንም ካልመለሰላቸው ዝም ብለው ይሄዳሉ።"

"ከመለሰላቸውስ?"

"ይገባሉ።" ወደ በሩ አየች። "ያን ጊዜ የቤቱ ልጅ ይወጣል። ቦታ ያለው ለአንድ ነዋ!"

"በይ ተዪ! እንዲህ ያለውን ስታወሪ ቆይተሽ ማታ እኔው ላይ ልትለጠፊ ነው።"

በማግስቱ ደወሉ አስር ተኩል ላይ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ።

"መጣሁ!"

"እንኳን ደህና መጣሽ!"

እኛ ዘንድ የገባ ሰው "መጣሁ" ይላል፣ ቤት ያለውም ይመልስለታል። እጅ ሥራ ላይ ቢሆን እንኳ አፍ በራሱ ይመልሳል።

ቺጉሳ ጫማዋን አወለቀች። አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ፣ አስተካክላ አስቀመጠችው። ገና ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ ሳሳያት የኖርኩት ነው፤ ረስታው አታውቅም። እኔም ሄጄ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። እሷ ማሞቂያ የተገጠመለት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ስር እግሯን ከታ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ለሾርባው ባሮ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ።

ከዚያ... ደወሉ እንደገና ተሰማ።

ያው ዜማ ነው። ግን ቀስ ያለ ነበር... የሚደውለው ሰው የደከመው ይመስል።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አስራ አንድ።

የድሮውን ሰዓት ሳያጠፉት ረስተውት ይሆናል አልኩ።

በሩ ሲንሸራተት ሰማሁ።

"መጣሁ!"

"እንኳን ደህና መጣሽ!" አልኩ፣ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ።

...

ቢላዋው በእጄ እንዳለ መክተፌን አቆምኩ።

"እማዬ..."

ቺጉሳ ከኋላዬ ነበረች። እርሳሷን እንደያዘች።

"ማንን ነው እንኳን ደህና መጣሽ ያልሽው?"

እጇን ይዤ ወደ ጫማ ማውለቂያው ሄድኩ። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ማንም የለም።

ግን ከቺጉሳ ጫማ ጎን ሌላ ጫማ ነበር።

ሰማያዊ። ቁጥሩ ያው። ጎኑ ላይ የተተረተረው ክር እንኳ ያው።

ውኃ ያንጠባጥባል፤ ጭቃ ለብሷል። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል፤ ማሳውም ታጭዶ ደርቋል።

አፍንጫው ወደ ቤት ውስጥ ነበር የዞረው።

ጫማውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ውጭ ጣልኩት። ከዚያ ቺጉሳን አስከትዬ ጎረቤታችን እማማ ቶኪኤ ዘንድ ሮጥኩ። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ባንዲራ ይዘው ተማሪዎቹን መንገድ የሚያሻግሩት እሳቸው ናቸው፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስሙ ያውቁታል።

"የምን ሁለተኛ ደወል?" አሉኝ። "ዛሬ አንዴ ነው የተደወለው። አንቺ ልጅ፣ ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት... እንቅልፍ አጥተሻል።"

"እማማ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!"

"እሺ፣ እሺ። ቺጉሳን ግን ለምን ብቻዋን ቤት ተውሻት?"

ቺጉሳ እጄን ይዛ ፊታቸው ቆማ ነበር።

"እማማ... ይቺውና!"

ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። "ውይ! አላየሁሽም የኔ ልጅ። ይሄ ዓይኔ እኮ ሞተ።"

ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

በማግስቱ ልጄን ትምህርት ቤት አልላክኋትም። ትንሽ አተኩሷት ነበር። ለአስተማሪዋ መደወል ነበረብኝ፤ ከጭንቀቴ የተነሳ ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አስተማሪዋ መምህርት ኦጋታ ናት።

"የቺጉሳ እናት? ቺጉሳ ኮፍያዋን ረስታ ወጣች። ብርድ ስለሆነ እንዳታስቢ ብዬ ነው።"

ቀና አልኩ። የቺጉሳ ቢጫ ኮፍያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከስሩ ቺጉሳ ተኝታለች።

"ደግሞ የዛሬው ንባቧ!" አለች መምህርቷ በደስታ። "አንዲት ፊደል አልሳተችም። ምን አድርገሽ ነው ያስጠናሻት?"

"መምህርት... ልጄ እኮ ዛሬ..."

"አይዞሽ፣ ከጓደኞቿ ጋር ነው የወጣችው። ትደርሳለች።"

ትደርሳለች...

በሩን ቆለፍኩ። መጋረጃውን ዘጋሁ። ቺጉሳን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ አቀፍኳት።

"አልመልስም" አልኳት። "ምንም ቢል አልመልስም። እሺ?"

"እሺ።"

የአስር ተኩሉ ደወል አለፈ። ምንም የለም።

አስራ አንድ ሆነ።

ደወሉ መጣ... ቀስ ብሎ...

"መጣሁ!"

የልጄ ድምፅ ነበር። የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ የምታፏጨው እንኳ ሳይቀር።

"እማዬ? በሩ እኮ ተቆልፏል።"

አፌን በእጄ ያዝኩ።

"እማዬ... በረደኝ።"

እናት የሆነ ሰው ያውቀዋል። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ተነስቼ ልከፍት ቃጣኝ። እቅፌ ውስጥ ያለችው ቺጉሳ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ "አትመልሺ" አለ።

ድምፅ ግን አልወጣም።

ያን ጊዜ ከውጭ የወንድ ሳል ሰማሁ።

ሹንጎ! ነገ ነበር የሚመለሰው።

"የኔ ልጅ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ በብርድ?"

"አባዬ፣ መጣሁ ብላት እማዬ ዝም አለችኝ።"

"ሹንጎ!" ጮህኩ። "ሹንጎ፣ አትመልስላት!"

ቁልፉ በበሩ ውስጥ ዞረ።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ ቆንጆ" አላት።

እጆቼ... ባዶ ሆኑ።

እንደታቀፉ ናቸው። ጭኔ ላይ ሙቀቷ አለ። እሷ የለችም።

ሹንጎ ልጅቷን አቅፎ ገባ። "ምን ነካሽ አንቺ? በዚህ ብርድ ልጅ ላይ በር ይቆለፋል?"

አወረዳት። ጫማዋን አወለቀች። አፍንጫው ወደ ቤት ውስጥ እንደዞረ ተወችው።

የቺጉሳ ጫማ ከነበረበት ጠፍቷል። ግድግዳው ላይ የነበረው ኮፍያም የለም።

ለሹንጎ ነገርኩት። አልቅሼ ነገርኩት። እጄን ይዞ "ሐኪም እንይ" አለኝ። ለእማማ ቶኪኤ ነገርኩ። "ልጅሽ ይቺውና!" አሉኝ፣ ልጅቷን እየዳበሱ። እሷን በደንብ ያዩዋታል።

ልጅቷ ጥሩ ናት። የቀረበላትን ትበላለች። አታስቸግርም። አንዳንዴ መጽሐፌን ከፍቼ ሆን ብዬ ፊደሉን በጣቴ እከተላለሁ።

አትስቅብኝም። ዝም ብላ ትጠብቀኛለች።

ሹንጎ "አደገች" ይላል።

ደወሉ ግን አልቆመም። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እሰማዋለሁ። ከዚያ ከበሩ ውጭ የደከመ ድምፅ ይመጣል።

"እማዬ... መጣሁ።"

አፌን እከፍታለሁ። ልጅቷ ግን ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። መቼ እንደተነሳች ሳላያት አጠገቤ ናት። ቀዝቃዛ እጇን አፌ ላይ ትጭናለች።

"የእኛ አይደለችም" ትለኛለች በሹክሹክታ። "ከመለስሽላት የቤቱ ልጅ ይወጣል።"

ብሳሳትስ? እላለሁ። እቺ ቤት ያለችው ልጄ ብትሆንስ? ይህን እያልኩ ስንት ቀን ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ትንሽ ሰማያዊ ጫማ አገኘሁ። ጎኑ ላይ ክሩ ተተርትሯል። እርጥብ ነው።

አፍንጫው ወደ ማሳው ዞሮ፣ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ተቀምጧል...

ልክ እንዳስተማርኳት።