ጉጉቷ የምትነቃበት ሰዓት

የወርቅውሃ ቀኑን ሙሉ አሶሳ ገበያ አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ ስታነሳ ትውላለች። «ቀና በል፤ አትሳቅ» ትላለች፤ ቀጣዩን ትጠራለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን እግሯ አልቆም ይላታል። ካሜራዋን አንግታ በባምባሲ መውጫ በኩል ትከንፋለች። ከፓዌ ከመጣች ወዲህ ምን እንደምትፈልግ ለራሷም አልገባትም ነበር።

አንድ ምሽት አንድ ግቢ ውስጥ ካለ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ቀዳዳ ሁለት ቢጫ ዓይኖች አዩዋት። ጉጉት ነበረች። የወርቅውሃ ሳታስብ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ገባች።

«ማንጎው ገና አልበሰለም» አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዘወር ስትል እጁ ላይ የጠመኔ ብናኝ ያልጠፋ ቀጠን ያለ ወጣት ቆሟል። ዐብዱልቃድር ይባላል፤ የሒሳብ መምህር ነው፤ ግቢው የእናቱ ነው።

«ሌባ አይደለሁም። ጉጉቷን ፎቶ ላነሳ ነው።»

«ሰው ጉጉት ሲሰማ ያማትባል፣ ዱዓ ያደርጋል። አንቺ ፎቶ ልታነሺ መጣሽ?»

«ካላስቸገርኩህ ነገም እመጣለሁ።»

«ነይ» አላት፤ ቶሎ በማለቱ ራሱም የደነገጠ ይመስል ነበር።

መጣች። ከዚያም ወዲያ መምጣቷን አላቋረጠችም። ጉጉቷ ብቅ የምትለው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከምዕራብ ዝቅ ብሎ ይገባና ግንዱን ማር ያስመስለዋል፤ ወዲያው ይጠፋል። የወርቅውሃ ወፏን እንዳያስደነግጥ ብላ ፍላሽ አትጠቀምም። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ደግሞ ካሜራው ፈጽሞ መነቃነቅ የለበትም። እሷ መርጋት ስለማታውቅ ያነሳችው ሁሉ ይደበዝዝባታል።

«እጅሽ ይቸኩላል» አላት አንድ ቀን።

«እንግዲያው ትከሻህን አውሰኝ።»

ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ካሜራውን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እስትንፋሱን ዋጠ። ጉጉቷ ከነጫጩቷ ብቅ ስትል ካሜራው ቀጭ አለ፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ብርሃኑ አልቆ ከጨለመ በኋላም ካሜራው ከዚያ ትከሻ አልወረደም።

በዚያው ሰሞን አባቷ አቶ ገበየሁ ከፓዌ ደወሉላት። በደርግ ጊዜ ጎረምሳ ሳሉ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬ ናቸው።

«ግልገል በለስ ላይ ለፎቶ ቤት የሚሆን ክፍል አግኝቼልሻለሁ። የሙላው ልጅም ሽማግሌ ልኳል። እስከ መቼ እንዲህ ትዞሪያለሽ?»

«ላስብበት አባዬ» አለች።

በማግስቱ ዐብዱልቃድር ደወለ። «ዛሬ አትምጪ» አለና ዘጋው። መልሳ ብትደውል አላነሳም። የወርቅውሃ ፎቶ ቤት ብትውልም ልቧ ሥራው ላይ አልነበረም። ሃይማኖታችን ስለማይገጥም ይሆናል፣ ሰው አውርቶበት ይሆናል እያለች ስትብሰለሰል ዓይኑን የጨፈነ ሰው ፎቶ አትማ ሰጠች። በመጨረሻ አላስችል ሲላት ሄደች።

ዐብዱልቃድር ማንጎው ላይ በተደገፈ መሰላል ላይ ነበር፤ በእጁ ረጅም ዱላ ይዟል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እናቴ ታማለች። ሐኪሞቹ ወባ ነው ብለው መድኃኒት ጀምረውላታል፤ አጎቴ ግን የጉጉቷ ጩኸት ነው ይላል። አባርራት ብሎኝ ዱላውን ሰጠኝ። እወጣለሁ፤ መልሼ እወርዳለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለወፍ ብለህ ከአጎትህ ትጣላለህ?»

«ለወፍ?» ከመሰላሉ ወረደ። «እሷን ካባረርኳት አንቺ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?»



ከበረንዳው ደካማ ድምፅ በበርታኛ ጠራው። እናቱ እማማ ማሪያም ብርድ ልብስ ተከናንበው አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል።

«አንተ ነህ ወፍ የሚያነሳው?» አሏት፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «አሳየኝ። ድምፁን እሰማለሁ፤ አንድ ቀን አላየሁም።»

ፎቶውን በካሜራው ስክሪን ላይ አሳየቻቸው። ጫጩቷ ላባዋ ተንጨባሮ እናቷ ሥር ተወሽቃለች። እማማ ማሪያም ብዙ አዩና ሳቅና ሳል ተቀላቀለባቸው።

«ወላሂ፣ ይሄ እናት ነው! ልጁን ደብቆ። እኔን ፈርቶ ነው!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዱላውን ለአጎትህ መልስ።» ከዚያ የወርቅውሃን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና እሷን። «ነገ ና» አሏት። «ወፍ ባይኖርም ና።»

ዐብዱልቃድር እስከ አስፋልቱ ሸኛት። መንገድ ላይ አባቷ ደወሉ።

«አባዬ፣ ግልገል በለስ አልመጣም። የሙላውንም ልጅ አላገባም» አለች። «ሰው አለ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የእማማ ማሪያም። ዐብዱልቃድር ይባላል።»

አንድ ባጃጅ መጥቶ አለፈ።

«ወሎ ሳለን እንዲህ ያለ ጋብቻ አይገርመንም ነበር» አሉ አቶ ገበየሁ በመጨረሻ። «እዚህ መጥቼ ነው መገረም የለመድኩት።» ተነፈሱ። «ለእናትሽ እኔ ነኝ የምነግራት። አንቺ እንዳትደውዪላት።»

ዘጉት።

«ምን አሉ?» አላት ዐብዱልቃድር።

«ለእናቴ ራሱ ሊነግራት ነው።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«እኔ እንጃ» አለች፤ እያለቀሰች ሳቀችና እጁን ያዘችው።