ያጠፋሁት መልስ

ይሄ የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው በዴሳ ከተማ፣ ሠርግ ድንኳን ውስጥ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ሦስት መቶ ሰው ምሳ እየበላ።

እስካሁን ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። አፍሬ ነው።

ስሜ ቸርነት ይባላል። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ስቱዲዮ አለኝ። ስቱዲዮ ስል እንዳትስቁ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የለጠፍኩበት አንድ ክፍል ነው። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋ ቀረጻ አቁመን እንጠብቃለን።

ከሠርጉ ሁለት ወር በፊት ዶክተር ማኅሌት መጣች። ከአዲስ አበባ ተመድባ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሴት ናት። ለጥናት ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለች አንዲት ደሴት ሁለት ዓመት ኖራለች። ድሮ ከአፍሪካ ታስረው በመርከብ የተጋዙ ሰዎች የልጅ ልጆች አገር ናት።

ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ሰጠችኝ።

"የአንዲት አሮጊት ዜማ ነው። ልጃቸውን ባሕር ወስዶት፣ በዘጠነኛው ቀን የሸኙበት። ነፋስ ገብቶበታል፣ ቀስ ብለህ አጥራልኝ።"

ከፈተችልኝ። አሮጊቷ ብቻቸውን ይጣራሉ። ዝም ይላሉ... ከዚያ ሕዝቡ መሬቱን በእግሩ እየመታ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። እኛም አገር ለቅሶ ላይ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እንደሚቀበለው ማለት ነው።

"ምን እያሉ ነው?" አልኳት።

"'ሂድ ልጃችን፣ መንገዱ ክፍት ነው።' ሁሌ አብረው ነው የሚመልሱት። ብቻውን የሚመልስ የለም።"

"ለምን?"

"ብቻውን የመለሰ ሰው ዘንድ ሟቹ ይቀራል ይላሉ። ጥሪውን ከመልሱ እንዳልለይ አስምለውኛል።"

በደንብ ሰማሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

በዚያው ሳምንት ዘፋኙ ፀጋአብ መጣ። የሠርግ ዘፈን እያሠራኝ ነበር። "መግቢያው ላይ ሶዶ ሰምቶት የማያውቀው ነገር አድርግልኝ" አለኝ።

የአሮጊቷን ጥሪ ቆርጬ አስገባሁለት። ከሥሩ ከበሮ ጨመርኩበት። የሕዝቡ መልስ ከከበሮዬ ጋር ስለተጋጨብኝ አጠፋሁት። ስቸኩል ደግሞ ካርዱ ላይ ባለው ዋና ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩት፤ መልሱ በዚያው ጠፋ።

ካርዱን ስመልስ ለዶክተር ምን አልኳት?

"ተበላሽቶ ነው የመጣው።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ሌላ ቅጂ የለኝም። አሮጊቷም አርፈዋል" አለች። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም።"

አይዞህ አለችኝ! ሌባውን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘፈኑ ወጣ፣ በየስልኩ ገባ። እህቴ የማርያምወርቅም ጫነችው። አብረን ነው የምንኖረው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ጠዋት ዘፈኑን ከፍታ ልብስ ታጥባለች። አሮጊቷ ተጣሩ...

ከበሮው ቆመ።

ይሄ መሆን አልነበረበትም። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከጥሪው በኋላ ፋታ የለም። እሷ ስልክ ላይ ግን አራት ሰከንድ ሙሉ ጸጥታ። አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ይመስላል።

እህቴ ቀና እንኳ ሳትል መለሰች። በዚያ ቋንቋ። በእርጥብ እግሯ መሬቱን እየመታች።

"ምን አልሽ?"

"እኔ? ምንም።"

ወደ ስቱዲዮ ሮጥኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ፋታ የለም።

በማግስቱም መለሰች። በሦስተኛው ቀንም... ከስልኳ ላይ አጠፋሁት። ጎረቤት ሲከፍት መለሰች።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ቸርዬ... ለምንድን ነው ማንም የማይመልስለት? ያሳዝናል እኮ።"

"ለማን?"

እንጀራ ቆርሳ ጎረሰች።

ለዶክተር መናገር ነበረብኝ። ስልኬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ! እህቴን ላጣት እንደምችል እያወቅኩ፣ ሌባ መባል ከበደኝ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ፀጋአብ ዘፋኝ፣ እኔ ድምፅ ማጉያው ላይ፣ እህቴ ከሴቶቹ ጋር። ቀና ስል... ፊት ለፊቴ ዶክተር ማኅሌት ተቀምጣለች። ሙሽራዋ ተማሪዋ ናት ለካ።

ፀጋአብን "ያንን ዘፈን ተወው" ልለው እችል ነበር። ለምን ቢለኝስ? አሁንም ዝም አልኩ።

ዘፈኑ ተጀመረ። የአሮጊቷ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ዶክተር የጎረሰችውን ሳትውጥ ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

ከበሮው ቆመ።

አራት ሰከንድ...

እህቴ ብቻዋን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

ማይኩን ከፀጋአብ ነጠቅኩት። "የዶክተርን ቀረጻ ሰርቄ ነው! መልሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ብቻዋን እንዳትመልስ... እባካችሁ አብራችሁ መልሱ!"

"ልጄ፣ ጠጥተሃል እንዴ?" አሉ የሙሽራው አባት አቶ ኤርሳዶ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሳቁ በአንዴ ቆመ።

ሦስት መቶው ሰው ተነሳ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ወጥ የያዘችው አስተናጋጅ። በአንድ ድምፅ መለሱ። ማንም ያላስተማራቸውን ቋንቋ፣ መሬቱን በእግራቸው እየመቱ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን አንስተው አውለበለቡ። ዓይናቸው ከእኔ ጀርባ ተነስቶ ወደ መውጫው ቀስ እያለ የሚሄድ፣ እኔ የማላየው ነገር ተከተለ...

መውጫው ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ቆመ። እህቴ አጠገብ።

እሷ አላውለበለበችም። ፈገግ ብላ ቆማ ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ምሳውን ቀጠለ። አቶ ኤርሳዶን ብጠይቃቸው፣ መቼ ተነሳሁ አሉኝ።

ዶክተር አጠገቤ መጣች።

"ስንት ጊዜ ብቻዋን መለሰች?"

"እንጃ... ሃያ። ከዚያም በላይ።"

"አንተስ ስንት ቀን ዝም አልክ?"

ቦርሳዋን አንስታ ከድንኳኑ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

እህቴ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች። ዘፈኑ ቢከፈትም አትመልስም።

ትናንት ጠዋት አብረን ልንወጣ የግቢውን በር ከፈተች። ቀድሜያት ላልፍ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ቆይ፣ ቸርዬ..." አለች በሹክሹክታ። "እሱ ይቅደም።"

ማን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። በምን አፌ? አንገቴን ደፍቼ መንገድ ለቀቅኩለት።