የመታጠፊያው ጀርባ

ዓርብ ጠዋት እናትነሽ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ኮሪደር ስትወለውል ስልኳ ጠራ። የደወለው ከባዩ ቤት ሥር የሚኖረው ቧንቧ ሠራተኛው ወልደየስ ነበር። ባዩ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሞቶ መገኘቱን ነገራት። ሳትጠይቀው ቀሪውን ጨመረ። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ከባዩ ጋር ከተኳረፉ ግን ዓመት አልፏቸዋልና ወጥቶ ከማንኳኳት ባልዲ መደቀን ቀለለው። ባልዲውን ሁለት ጊዜ ደፋው። በሦስተኛው ሲሞላ ወጣ።

እናትነሽ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ወደ ባዩ ቤት ሄደች። ትራሙ ውስጥ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ቦርሳው ውስጥ ሰማያዊ ደብተር አለ። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ፊደል ያስቆጠራት ባዩ ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት፣ እዚያው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ።

በሩን የከፈተችላት የሮተርዳም ፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ረሆቦት ትባላለች። አጠር ያለች፣ ነገር ስታይ ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት። በስድስት ዓመቷ እዚህ አገር ስለገባች አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው።

«ለምን መጣሽ... ለምን መጡ?» ብላ ጠየቀች። «ይቅርታ፣ እርስዎ ማለት ያመልጠኛል።»

«ግድ የለም። ልጄም አትልም።»

ሬሳው ተነስቷል። ወለሉ ገና እርጥብ ነበር። ሌሎቹ ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰውታል፦ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ አፍስሷል፣ ሽማግሌውን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ውሃው አንሸራቶት ጭንቅላቱ የማጠቢያውን ድንጋይ ጠርዝ መትቷል። ረሆቦት ግን ከማጠቢያው ሥር ቁጢጥ ብላ ቧንቧውን በባትሪ ስታየው ቆየች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተስበዋል። ሁለት እርሳሶች አሉ፤ አንዱ ጫፉ ታኝኳል።

«ሰውየው ብቻውን ነበር የሚኖረው?»

«ብቻውን።»

«ታዲያ ይህን እርሳስ ማን ያኝከዋል?»

እናትነሽ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ረሆቦትም አልደገመችም።

ባዩ ሠላሳ ዓመት የኖረው የቧንቧ ውፍረት ሲለካ ነው። በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ የማቀዝቀዣው ውሃ ሌት ተቀን ይሮጣል፤ ሲሮጥም ብረቱን ከውስጥ ይልሰዋል። ከውጭ ቀለሙ እንኳ አይነካም። ቧንቧው እስኪፈነዳ ድረስ ማንም አያውቅም። ባዩ ቅባት ጠብ አድርጎ መሣሪያውን ያስጠጋል፤ መሣሪያው ወደ ብረቱ ድምፅ ይልክና ሲመለስለት ውፍረቱን በቁጥር ይናገራል። «ውሃ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል» ይላት ነበር፣ ክርኑን አጥፎ እያሳየ። «ቧንቧው ሲታጠፍበት ጀርባውን ይመታዋል፤ እዚህ በውጭ በኩል። ጉያውን፣ በውስጥ በኩል ያለውን፣ እምብዛም አይነካውም።» ሌላ የሚነግረው ሰው አልነበረውምና ሁሉን ለእሷ ይነግራታል።

የእናትነሽ አንድያ ልጅ የሳያትም ሥራ ይህ ነው። የምትኖረው አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ነው፤ የምትደውለው እሑድ እሑድ፣ አንዳንዴም እሱን እየዘለለች ነው። እሷና ባዩ የሚሠሩበት አነስተኛ የመለኪያ ድርጅት ባለቤት ሊባኖስ የሚባል ሰው ነው። ባለፈው ወር ከከተማው ራቅ ብሎ ባለ አንድ ጣቢያ መታጠፊያዎችን ለክተው ነበር፤ በሪፖርቱ ሥር ያለው ስም የሳያት ነው። ባዩ በራሱ ተመልሶ ለካና ሪፖርቱ ሐሰት ነው አለ። በሚመጣው ሰኞ ሄግ ወዳለው የኒውክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊሄድ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ማክሰኞ ሳያት በስልክ ጮኸችበት። ረቡዕ ሞተ።

እናትነሽን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። ረቡዕ ጠዋት ባዩ ለቁጥር ልምምድ ብሎ ያስጻፋት የዚያኑ ጣቢያ ትክክለኛ ልክ ነበር። ደብተሩን ካወጣች የልጇ ስም ያለበት ወረቀት ውሸት መሆኑ ይረጋገጣል። ሪፖርቱ ውሸት ከሆነ ደግሞ ባዩን ዝም ለማሰኘት ምክንያት የነበራት ልጇ ናት። እናም ደብተሩን እንደ ሌባ ይዛው ትዞራለች።

ረሆቦት ወልደየስን፣ ሊባኖስንና ሳያትን በየተራ ጠየቀች። ወልደየስ የተጣሉት በበዓል ሙዚቃ ጩኸት እንደነበር ተናገረና አቀረቀረ። ሊባኖስ ጥሩ ኮት ለብሶ መጣ፤ አለቀሰ። ባዩ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ፣ ባዩም መሣሪያውን ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ ቢሮ እንደመለሰ ተናገረ። መሣሪያው ውስጥ የተመዘገቡት ልኮች ጠፍተው ነበር፤ እሱ ባዩ አጥፍቷቸው ይሆናል አለ። የሳያትን ስም ሲያነሳም በሐዘን ነበር።

ሳያት ቅዳሜ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ መለሰች።

«ዚክ... አሞኝ ነበር፣ ትኩሳት ነበረኝ። የቀሩትን ልኮች እኔ እለካለሁ፣ የሪፖርት መግቢያ ኮድሽን ስጪኝ አለኝ ሊባኖስ። ሰጠሁት። የሞላውን ዞሬ አላየሁም።»

«ጋሽ ባዩ ሲነግርሽስ?» አለች ረሆቦት።

«ጮኽኩበት።» ጥፍሯን አየች። «ፈራሁ።»

እናትነሽ እጇን ልጇ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ሳያት አልገፋችውም፤ አልያዘችውም።

ሰኞ ጠዋት፣ ባዩ ሄግ ሊሄድበት በነበረው ዕለት፣ ረሆቦት ሁሉንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ ከማጠቢያው ሥር ተፈትቶ ለሁለት የተሰነጠቀው የመዳብ መታጠፊያ፣ ሪፖርቱና የታሸገ የፖሊስ ከረጢት አለ።

«ውሃ የበላው ቧንቧ ከውስጥ ይሳሳል» ብላ ጀመረች። «ይህ ግን ዙሪያውን ድፍን ነው። የቀዳዳው ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከውጭ በሹል ነገር ተመትቷል ማለት ነው። ጋሽ ባዩን ውሃ አልጣለውም። የጣለው ሰው ነው፤ ውሃውን በኋላ ጠራው።»

ወደ ወልደየስ ዞረች።

«አቶ ወልደየስ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ውሃ ማፍሰስ ቢፈልጉ አንድ ነት ማላላት ይበቃቸዋል። ደግሞስ የገዛ ኮርኒሱን ማን ያበላሻል?»

«ለፋሲካ ቀብቼው ነበር» አለ ወልደየስ ለራሱ።

«ሳያት የምትለካ ናት። ውሃ በላው ለማስባል የምትፈልግ ለኪ የምትመታው ጀርባውን ነው። ይህን የመታው ሰው ግን የመታው ጉያውን ነው።» ሪፖርቱን ወደ መካከል ገፋች። «አሁን ይህን እዩ። መታጠፊያ ሰባት። ብረቱ ሲገጠም ዘጠኝ ሚሊሜትር ነበር። ይህን የሞላው ሰው የእውነት እንዲመስልለት ትንሽ አቅጥኖታል፤ ያቀጠነው ግን እዚህም ጉያውን ነው። ወረቀቱንም ወጥ ቤቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ የሳተ አንድ ሰው አለ። ቧንቧን በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ በወረቀት ብቻ የሚያውቅ።»

ሊባኖስ ኮቱን አስተካከለ።

«ኮዱ የሳያት ነው። ቧንቧውም የአሮጌ ቤት ቧንቧ ነው፤ ጉያው ድሮውኑ ቀዳዳ እንዳልነበረው ማን ያውቃል? ማን ለካው? መሣሪያው እንደሆነ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ ነው።»

ረሆቦት የታኘከውን እርሳስ ከኪሷ አውጥታ እናትነሽ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እናትነሽ ልጇን አየች። ደብተሩን ካወጣችው ሳያት ሥራዋን ታጣለች፤ ምናልባትም ከዚያ የባሰ። ካላወጣችው ሰው የገደለች ትባላለች። ሳያት የእናቷን ቦርሳ አተኩራ አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

«አውጪው፣ እማ።»

እናትነሽ በሰው ፊት አንብባ አታውቅም። ደብተሩን ገለጠች፤ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አስኬደች።

«ረቡዕ» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «መሣሪያ ቁጥር፣ አራት፣ አራት፣ ሰባት፣ አንድ። የወጥ ቤት መታጠፊያ። ጀርባ፣ አንድ። ጉያ፣ አንድ።» ገጹን ገለበጠች። «ጣቢያ። መታጠፊያ ሰባት። ጀርባ፣ ሦስት ነጥብ አንድ። ጉያ፣ ስምንት ነጥብ ስምንት።»

«ለምንድን ነው የመሣሪያውን ቁጥር የጻፉት?» አለች ረሆቦት።

«ሁልጊዜ ነው። ቀንና የመሣሪያ ቁጥር ያልተጻፈበት ልክ ልክ አይደለም ይለኛል። ማጠቢያውን ቧንቧ እየለካ ነው ቁጥር ያስተማረኝ።»

ረሆቦት ከረጢቱን ከፍታ ከሊባኖስ ቢሮ ያመጣችውን መሣሪያ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ 4471 ይላል።

«ረቡዕ ጠዋት መሣሪያው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለች። «ጉያውም ደህና ነበር።»

ሊባኖስ ለመሳቅ ሞከረ። «ፊደል በቅጡ ያልቆጠረች ሴት የሞነጫጨረችውን ነው የምታምኚው?»

«አዎ። የማያውቅ ሰው የነገሩትን ይጽፋል። ቁጥር የሚፈጥረው የሚያውቅ የመሰለው ነው።»

ሊባኖስ መሣሪያውን አየ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆኗል። የቀሩትን ልኮች አልለካም ነበር፤ ጣቢያው ሥራ የሚጀምርበት ቀን ደርሶ ነበርና ከዘገየ ውሉ ይሰረዝበታል። ረቡዕ የመጣው ባዩን ሊለምን ነው። ባዩ መሣሪያውን አንስቶ የለካውን ቁጥር አሳየው። ሊባኖስ መሣሪያውን ሊነጥቅ ባዩን ገፋው። «መግፋት ብቻ ነበር» አለ። ቧንቧውን የበሳበትን መውጊያ ያገኘው ከባዩ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ አብረው በባቡር ሄግ ሄዱ። ሳያት በባዩ ቀጠሮ ገብታ ኮዷን ለሰው መስጠቷን ራሷ ተናገረች። የመለካት ፈቃዷ ታገደ። ጣቢያው በዚያው ሳምንት ሥራ አቁሞ መታጠፊያ ሰባትን ቀየረ። በጣቢያው ዙሪያ ያሉ ሰዎች ስለዚህ ነገር የሰሙት የለም፤ እንደወትሮው ገበያ ወጡ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አደረሱ። ሳያት በዚያው ሰኞ ሲመሻሽ የአምስተርዳምን ባቡር ያዘች። በመስኮቱ በኩል እጇን አነሳች።

ደብተሩ በማስረጃነት ፖሊስ ጋ ቀረ። ረሆቦት የመጨረሻውን ገጽ ቅጂ ለእናትነሽ ሰጠቻት፤ ባዩ ለሚቀጥለው ሳምንት የሰጣት የቤት ሥራ ነበር። በእሱ የቀና ጽሕፈት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩም «አምስት ጊዜ» ይላል።

ረቡዕ ጠዋት እናትነሽ ሌላ ደብተር ገዝታ ቤቷ ተቀመጠች። ከላይ ቀኑን ጻፈች። የመሣሪያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጥቂት ቆይታ አለፈችው። ከዚያ ቅጂውን አጠገቧ ዘርግታ ገለበጠች፦

ረቡዕ እመጣለሁ።

ረቡዕ እመጣለሁ።

አምስተኛውን ስትጨርስ እርሳሱን አስቀምጣ ወደ ጎን ዞረች። የሚያርምላት አልነበረም።