የተገለበጠችው ዳዮድ

ትሕትና ብላ ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት። እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

አባቴ ስብሐት፣ ዊንጌት ሰፈር ታክሲ መያዣው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ነበር። አሁን አብዛኛው ሥራችን ሪሌይ የሚባል፣ ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ያለበት ቦርድ ነው። የውሃ ፓምፕ፣ የጋራዥ በር፣ የዳቦ ቤት ማቡኪያ፣ ብቻ በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ የተፈለገ ሞተር ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል። ቴክኒክና ሙያ ከጨረስኩ ጀምሮ አብሬው እሠራለሁ። ደንበኛ ገብቶ «ሠራተኛው የለም እንዴ?» ሲለኝ የመበየጃ ካውያዬን ሳላስቀምጥ «ይኸው ቆሜያለሁ፣ አልታይም?» እላለሁ።

ኪብሮን የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ፈታው። ቦርድ ነው፤ አራት ሪሌዮች ተደርድረውበታል። ባለፈው ወር አባቴ የጠገነው ነው።

«አራተኛው ሞተር እንደገና አልነሳም አለ» አለኝ። «ሽመና ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። ማግ የሚያጠነጥኑ አራት ሞተሮች አሉን፤ ቀሰሙ ሲሞላ በራሳቸው ይቆማሉ። ሦስቱ ደህና ናቸው።»

«ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል። መብራት በዝቶባችሁ ይሆናል።»

«አልበዛም።» አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቦርዱን አየ። «እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም። ግን ይቺ ጥቁሯ... ሦስቱ ላይ ነጯ መስመር ወደ ላይ ነች። አራተኛው ላይ ወደ ታች ነች። እኛ ጋ ጥለት ላይ እንዲህ ከሆነ ፈተን ነው እንደገና የምንሠራው።»

ፊቴ ጋለ። ሪሌይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ሲጠፋ ያጠራቀመውን ጉልበት ወደ ኋላ ይለቀዋል። ያንን ጉልበት ተቀብላ ትራንዚስተሩን የምታድነው ያቺ ጥቁሯ ዳዮድ ናት። ተገልብጣ ከተበየደች ግን ገዳዩ እሷው ትሆናለች። ይህን ስህተት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ አይሠራውም፤ አባቴ ግን ሠርቶታል።

ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ያቺን ቀጭን መስመር አያያትም። አላይም ብሎ ግን ለማንም አይናገርም። ሐኪም ቤት የሚል ቃል ከተነሳ ኮቱን አንስቶ ይወጣል። እኔ ምሳ ሊበላ እስኪሄድ ጠብቄ ሥራውን አርማለሁ። ይቺኛዋ አምልጣኛለች።

«አባቴ ተሳሳተ ነው የምትለው?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። አንተ ማን ነህ?»

ኪብሮን ዘወር ብሎ አየው። አባቴ የስልኩን ቁጥር ሊያነብ ስክሪኑን አፍንጫው ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። ኪብሮን ወደ እኔ ተመለሰ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁሉ ነገር እንደገባው አወቅሁ።

«ልክ ነሽ፣ መብራት በዝቶብን ይሆናል» አለ ጮክ ብሎ፣ አባቴ እንዲሰማ።

ያኔ ነው የወደድኩት። ምን አሳፍሮኝ እደብቀዋለሁ? እዚያው፣ ካውያዬን እንደያዝኩ ወደድኩት።

ለሽመና ቤቱ አዲስ ቦርድ ሠራሁ። አሮጌውን ከነተገለበጠች ዳዮዱ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳልጣልኩት ያኔ አላውቅም ነበር።

ቦርዱን ልገጥም ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከዚያ ላየው ወጣሁ። ከዚያ ደግሞ ምንም ምክንያት ሳልፈልግ እወጣ ጀመር። ኪብሮን ሲሠራ አያወራም። እግሮቹ ከታች መርገጫውን ይረግጣሉ፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፣ እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለማይረባው ሁሉ እለፈልፋለሁ። ድንገት እግሩን ያቆምና ያየኛል።

«ምነው?» እለዋለሁ።

«ምንም። ቆጠራ ጠፋብኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ተቀመጥሽ» ይላል።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው ቅዳሜ ጠዋት ቀጨኔ ቤታችን መጡ፤ መሪያቸው ጋሽ ዳኜ የሚባሉ፣ ቁመታቸው በራችንን የሚነካ ሸማኔ ናቸው። እንደ ወጉ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቴ «እንመካከርበት፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። በሩ ሲዘጋ ምክሩ አለቀ።

«የሸማኔ ልጅ ነው» አለች እናቴ ወለተማርያም። «ዘመድ ምን ይላል?»

«እማዬ፣ መድኃኔዓለም ልትሳለሚ ስትሄጂ የምትለብሺውን ነጠላ ማን የሠራው መሰለሽ? ዘመድ?»

«አፍሽን ያዢ!»

«ይህ ልጅ ክር ከመቁጠር በቀር ምን ያውቃል?» አለ አባቴ። «አንቺ ባለሙያ ነሽ።»

«እሱም ባለሙያ ነው።»

«ሲመለሱ እምቢ እላቸዋለሁ።»

«በል። እኔ ግን አገባዋለሁ፣ አባዬ። ደግሞ ጠፍቼ እንዳይመስልህ። በዚሁ በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየኝ ነው የምወጣው።»

ፎከርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ሌሊቱን ሙሉ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ኪብሮንን መተው አልችልም። አባቴን ደግሞ በዚያ ዓይኑ ለብቻው ሱቁ ውስጥ ጥዬው መሄድ አልችልም። ሁለቱንም ነበር የፈለግኩት።

በነጋታው ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።

«ያየኸውን ንገረው» አልኩት ኪብሮንን። «ክር ከመቁጠር በቀር አያውቅም ብሎሃል። ዳዮዷን ማን እንዳየ ይወቅ!»

መወርወሪያውን አስቀመጠ። «በሽማግሌ ፊት፣ ዓይንዎ አያይም ልበላቸው?»

«ታዲያ በምን ይመኑህ?»

«ሰውዬውን አዋርጄ አንቺን አልወስድም። እምቢ ካሉ ሽማግሌ ደግሜ እልካለሁ። መቶ ጊዜ ቢሆንም እልካለሁ። ይህን ግን አላደርግም።»

«ግትር!»

«ከማን ተማርኩት?»

ጥዬው ወጣሁ። ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳሁም። በአራተኛው ቀን መሳቢያዬን ስከፍት ቦርዱን አየሁት። ንዴቴ ሳይወጣልኝ የባሰ ወደድኩት።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ልጅቷ ጓዳ ሆና መጠበቅ ነው ደንቡ። እኔም ጓዳ ነበርኩ፣ ጆሮዬ ግን ሳሎን ነበር።

«ጋሽ ስብሐት፣ እሺ እስኪሉን ቆመናል» አሉ ጋሽ ዳኜ።

«እንግዲህ መክረናል» አለ አባቴ። «ልጁ ጨዋ ነው ይላሉ፤ ይሁን። ግን ልጄ ትምህርት አላት፣ ሙያ አላት። እሱ የእሷን ሥራ ምኑን አይቶ...»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ተነሳች። ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ። ከመሳቢያዬ ያመጣሁትን አሮጌ ቦርድ አባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ይህን አንተ ታውቀዋለህ። ባለፈው ዓመት ከእኔ በፊት ያየው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ንገር ብዬ ብለምነውም እምቢ አለኝ።»

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም፤ እንዲገባቸውም አልፈለግኩም።

አባቴ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ማጉያ መስታወት አወጣ። እንዳለው አላውቅም ነበር። ቦርዱን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ የመጀመሪያዋን ዳዮድ አየ፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። አራተኛዋ ላይ ቆየ። ከውጭ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ድምፅ ይሰማል።

«ዓመት ሙሉ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ሱቄ ስንቴ መጣ? ሃያ ጊዜ? ሁልጊዜ ሥራዎ ግሩም ነው እያለኝ ነው የሚወጣው።»

መስታወቱን ኪሱ ከተተና ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ጋሽ ዳኜ፣ ዓይኔ ደክሟል። የእኔን ስህተት ልጄ እያረመች ነው ሱቁ የቆመው። እሷ እንደምታርምልኝ አውቅ ነበር፤ እንዳላወቀ ሆኜ ከረምኩ። ይህ ልጅ ማየቱን ግን አላውቅም ነበር።» ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ክር ይቆጥራል ብዬ ነበር። ይቁጠር። እኔ ዘንድም ዓይን ያለው ሰው የሚቆጥረው ሞልቷል።»

እናቴን አያት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«በሉ፣ ተቀመጡ» አለ አባቴ።

ወንበሮቹ ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ። የቀረውን ለመስማት አልቆየሁም። በፎከርኩበት በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እያዩኝ ወጣሁ፤ ነጠላ ጫማዬን እንኳ አልቀየርኩም። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። ኪብሮን ከታች፣ መንገዱ ዳር ካለው ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እምቢ አሉ?» አለኝ።

እያለከለክኩ እጁን ያዝኩ።

«ንገሪኝ በቃ! ምን አሏቸው?»

«ተቀመጡ አላቸው።»

ኪብሮን እጄን ሳይለቅ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።