ጎርጎራ ላይ እርሳሱን የፈታው

እኔ የራጅ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎንደር ውስጥ፣ ሆስፒታል፣ የሰው ደረትና የሰው ዳሌ በፊልም እያነሣሁ ብርሃን ላይ ስዘረጋ ነው፣ ጥይት አይቻለሁ፣ ሕፃን የዋጠው ሳንቲም አይቻለሁ፣ አንድ ገበሬ መዳፉ ውስጥ ዘመን የኖረ የመርፌ ስባሪ አይቻለሁ፣ ጂን ግን አንድም ቀን ፊልሜ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እከሌን ውኃ ዳር ለከፈው፣ እከሊትን ተጠጋት ሲባል ዝም ብዬ እሰማና በሆዴ እስቃለሁ፣ ቢመረመር ሳምባው ነው፣ ወይ ጉበቱ ነው እላለሁ። ዛሬም ቢሆን እንዲያው ነኝ። የጎርጎራውን ቀን ግን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፣ እመኑኝ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ቦታ አላገኘሁለትም።

የሆነው በደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከማል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ላይ እየዘገየም ቢሆን ደብዳቤው ይመጣ ነበር፣ ኋላ ቆመ፣ ሞተ የሚል መርዶ የለ፣ ተማረከ የሚል ወሬ የለ፣ ከግንባር ቆስሎ የሚመጣውን ወታደር ሁሉ ራጅ ሳነሣ፣ አጥንቱን አስተካክዬ እያስተኛሁ፣ ከማል ሰዒድ የሚባል ታውቃለህ ወይ እለዋለሁ፣ አንዱም አያውቅም።

ከማል ሲሄድ ዘይነባን ካገባ ወራት ብቻ ነበር። ዘይነባ የማክሰኝት ልጅ ናት፣ ረጋ ያለች፣ ሳቋ እንኳ ድምፅ የሌለው። ባሏ ከዘመተ ወዲህ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር፣ አባቴ ቤት ቀረች፣ የከማልን ልብስ ብል እንዳይበላው እያወጣች ፀሐይ ታሰጣለች፣ መልሳ አጣጥፋ ታስገባለች። ዓመቱ ሲረዝም ወላጆቿ ልጃችን ትመለስልን ብለው ሽማግሌ ላኩ፣ እሷም አንድ ቀን ለባለቤቴ አልቅሳ ነገረቻት፣ ሚስት እንዳልባል ባል የለኝ፣ መበለት እንዳልባል መርዶ የለኝ አለቻት። ቃዲውን ጠየቅን፣ ባል በጠፋ ጊዜ ሴትየዋ ዕድሜ ልኳን ታስራ ትኑር የሚል ሕግ የለም፣ ሐጂ ሰዒድ ይምጡና ቃላቸውን ይስጡ አሉ።

ችግሩ እሳቸው ነበሩ። ሐጂ ሰዒድ፣ አባቴ፣ ምስማርና ሽቦ፣ ገመድና ቁልፍ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፣ ቁጡ አይደሉም፣ ግን የዘይነባ ነገር በተነሣ ቁጥር «ከማል ይመጣል» ይሉና ጫማቸውን አድርገው ይወጣሉ። እሷ ከሄደች ልጃቸው ሞቷል ማለት ነው፣ እሷ እስካለች ግን በሕይወት አለ፣ እንዲህ ነበር በልባቸው የያዙት መሰለኝ። ማን ደፍሮ ይህን ከእጃቸው ይቀማቸዋል።

አባቴ ልባቸው የሚላላው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ዓሣ ሲያጠምዱ። እዚያ ሲቀመጡ ሌላ ሰው ናቸው፣ የልጅነታቸውን ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ። እኔም እዚያው ወስጄ ነገሩን ቀስ ብዬ አነሣለሁ ብዬ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በጠራበት በጥቅምት፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ እህል ሊጭን በቆላ ድባ በኩል በሚወርድ የጭነት ማኪና ጋቢና ውስጥ ገባን፣ ሾፌሩ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሊመልሰን ቃል ገባልን።

ትስቁብኝ ይሆናል፣ መንገዱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ ዘይነባ ሳይሆን ስለ እርሳስ ነው። ነጭ ዓሣ የሚበላው ከሥር፣ መሬት መሬቱን እየጫረ ስለሆነ መንጠቆውን ወደ ታች የሚያወርድ ክብደት ያስፈልጋል፣ አባቴ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጠው ማንኪያ ላይ እያፈሰሱ አውራ ጣት የሚያህል ይሠሩና ከናይለኑ ክር ጋር በሦስት ቋጠሮ ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አብሮኝ ይሠራ ከነበረ የውጭ አገር ሐኪም ሌላ ነገር ሰምቻለሁ። ሰውየው በአገሩ ካርፕ የሚሉትን፣ የኛን ነጭ ዓሣ ዘመድ፣ ሲያጠምድ ነው ያደገው። የማይበጠስ ክር የለም ይላል፣ ዋናው ጥያቄ ክሩ ከተበጠሰ በኋላ ዓሣው ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ነው። እርሳሱ ጥርቅም ብሎ ከታሰረ እሱን እየጎተተ ይኖራል፣ አንድ ቀን ድንጋይ ሥር ይሰነቀርና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወይ እርሳሱን በስቶ ክሩ በመሐሉ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው፣ ይህ ለአሸዋ ጥሩ ነው፣ እንደ ጎርጎራ ድንጋይ በሆነ ቦታ ግን በተራ የልብስ መስፊያ ክር ማንጠልጠል ይሻላል፣ ነገር ሲጠና መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው፣ እርሳሱ ውኃ ውስጥ ይቀራል፣ ዓሣው ይሄዳል።

አባቴ ሐኪሙ የያዘውን ዓሣ መልሶ ውኃ ውስጥ እንደሚለቅ ከነገርኳቸው ጀምሮ የሰውየውን ጤንነት ይጠራጠሩ ነበር። «የታሰረ ነገር እንዲፈታ አድርጎ ማሰር፣» አሉኝ፣ «ምን የሚሉት ማሰር ነው?» ደግሞስ በዚህ ጊዜ እርሳስ ከየት ይገኛል፣ ለዓሣ ሲባል ጣና ውስጥ ይበተናል ወይ።

ከወደቡ ራቅ ብሎ አንድ የድንጋይ አፍንጫ ወደ ውኃው የገባበት ቦታ አለ፣ እኛ ከፊቱ ተቀመጥን፣ ከኋላችን ደግሞ ውኃው ዞሮ የሚገባበት ጠባብ ጎን አለው፣ ሰው ድንጋዩን ካልዞረ ከአንዱ ጎን ሌላውን አያይም። አባቴ የስንዴ ሊጥ መንጠቆው ላይ አድቦልቡለው፣ እርሳሳቸውን እንደ ልማዳቸው አስረው፣ ቢስሚላህ ብለው ወረወሩ፣ ክሩን በተከልነው ሸንበቆ ላይ አሳለፉና ዓሣ ሲነካ የምትጮኽ ትንሽ ቃጭል አሰሩበት። ፀሐዩ ገና ጠንካራ ነበር። ነፋስ የለም። እኔ የማነሣውን ነገር በልቤ እደረድራለሁ፣ አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ከዚህ አላልፍም።

ቃጭሏ አንድ ጊዜ ጠቅ አለች። ዓሣ ሲነካ እንዲያ አይደለም፣ ዓሣ ይነቀንቃታል፣ ይህ ግን ሰው በጥፍሩ ነካ ያደረጋት ያህል ነበር። ቆይታ ደገመች። አባቴ ክሩን ሳቡ፣ መንጠቆው አለ፣ ሊጡ እንኳ እንደ ተድቦለቦለ ነው፣ እርሳሱ የለም። አልጠበቀም ነበር ብለው ሌላ አውጥተው አሰሩ፣ ቋጠሮውን በምራቃቸው አርሰው፣ በጥርሳቸው ስበው። ወረወሩ። ያቺው ጠቅታ፣ ያው ዝምታ፣ ክሩ ሲወጣ እርሳሱ የለም። ክሩን ተቀብዬ አየሁት፣ ሥራዬ ማየት ነውና በደንብ አየሁት፣ አልተበጠሰም፣ አልተፋቀም፣ ድንጋይ አልበላውም። ናይለን የታሰረበትን ቦታ አይረሳም፣ ቋጠሮው የነበረበት ላይ ተጠማዞ ይቀራል፣ ሦስቱም ጥምዝ ጥምዝ በየቦታቸው አሉ። ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ፈቶታል።

ሦስተኛውን እኔ አሰርኩት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያየሁትን አስተሳሰር ጨምሬ፣ ከዚያም በላይ እርሳሱን በጉጠት ጨፍልቄ ክሩን አስነከስኩትና ወረወርኩት። አሁን ግን ሁለታችንም ዓይናችን ሸንበቆው ላይ ነው፣ ከኋላችን፣ ከዚያ ከጠባቡ ጎን፣ ውኃ የሚንጠባጠብ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጨርቅ ሲጨመቅ እንደሚለው፣ ወፍ ናት ብዬ አልዞርኩም። ቃጭሏ ጠቅ አለች። ሳብን። የለም።

አባቴ አዑዙ ቢላህ፣ በአላህ እጠበቃለሁ፣ አሉ በቀስታ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በታንኳ ከጠባቡ ጎን ዞሮ ወደ እኛ ብቅ አለ፣ ታንኳው ላይ የደንገል ቄጠማ እስር ጭኗል፣ በመቅዘፊያው ቀስ እያለ እየገፋ ሲያልፍ «ሦስታችሁም እንደምን ዋላችሁ» አለን። አባቴ አላህ ይመስገን አሉና ሁለት ነን እኮ አሉት። ሰውየው መቅዘፉን አቆመ።

«ምነው አያ፣» አለ፣ «ያ ኋላችሁ እግሩን ውኃ ውስጥ የዘፈዘፈውስ?»

አባቴ ድምፃቸው ሳይለወጥ ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ጠየቁት። ጎልማሳ ነው አለ፣ ሸጋ ትከሻ ያለው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ስለተቀመጠ ፊቱን አላየሁትም፣ ሰላም ስለው አልመለሰልኝም አለ።

«ምን ይሠራል?» አሉት።

«አንገቱን ደፍቶ ክር ይፈታል።»

ቀዝፎ ሄደ፣ ሲሄድም ወደ ኋላው አልተመለከተም። ነገር የሚያጣፍጥ ሰው አይመስልም ነበር፣ እመኑኝ፣ ቸኩሏል፣ ደንገሉን ሊያደርስ ነው የሚሄደው።

አባቴ ተነሥተው ድንጋዩን ዞሩ፣ እኔ ተከተልኳቸው። ሰው የለም። ከዚያ ጎን ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በእኛ በኩል ያልፋል። በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሰው የተቀመጠበት የሚያህል እርጥብ ቦታ አለ፣ ከጎኑ ሦስቱ እርሳሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ እኔ የጨፈለቅኩት ሦስተኛው አፉ ተከፍቷል። እኛ እያየነው ፀሐዩ እርጥቡን ከዳር ከዳር እየበላ አጠበበው፣ መዳፍ አከለ፣ ከዚያ ጠፋ። አንዳንዴ ሳስበው ያ ሽማግሌ ራሱ ቀልዶብን ይሆናል እላለሁ፣ ግን እርሳሱን ከውኃው ሥር እንዴት አወጣው፣ ክሩ እኮ በእኛ እጅ ነበር።

እንሂድ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተመልሰው ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ያንን የልብስ ክርህን አምጣ፣ ኑሩ።»

እኔ ላሳያቸው ብዬ ይዤው ነበር። ራሳቸው እርሳሱን አንጠለጠሉበት፣ በአንድ ቋጠሮ ብቻ። ከወረወሩት ብዙ አልቆየም፣ ቃጭሏ በደንብ ተነቀነቀች፣ እንደምናውቀው አነቃነቅ፣ ከባድ ዓሣ ነበር፣ ክሩ እጃቸውን እየቆረጠ ሲስብ አየሁ፣ ከዚያ ድንጋይ ሥር ገባ መሰለኝ ቆመ፣ ተወጠረ፣ ቀጠን ያለች ብጥስታ በእጃቸው ተሰማቻቸው፣ የመስፊያው ክር ነው፣ ወዲያው ክሩ ላላ። ዓሣውም ራሱን ነቅንቆ ከመንጠቆው ወጥቶ ሄደ። አባቴ የላላውን ክር ጠቀለሉት። ይሂድ አሉ። ያላዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

ስንመለስ በጋቢናው ውስጥ በእኔና በሾፌሩ መሐል ተቀመጡ። ቆላ ድባ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሰኞ ዘይነባን ወደ ቃዲው እወስዳታለሁ አሉኝ። «ልጄ መጥቶ ነግሮኛል» አሉኝ። እኔ ስደረድረው ከዋልኩት አንድ ቃል ሳይወጣኝ የምፈልገው ነገር ተሰጠኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን አላለኝም።

ለከማል ዱዓ አስደረጉ፣ ሰደቃ አወጡ፣ ወላጆቿ መጥተው ዘይነባን ማክሰኝት ወሰዷት፣ ስትሰናበት የአባቴን ጉልበት ይዛ ብዙ አለቀሰች። ኋላ አንድ ደኅና ሰው አገባት፣ ወለደች። አባቴም እፎይ ያሉ መሰሉ፣ እንቅልፍ ይተኙ ጀመር፣ ስለ ከማል እንደ ሞተ ሰው እያወሩ መሳቅ ሁሉ ቻሉ። እንዲህ ቢያልቅ እኔም አንድ የቤተሰብ ታሪክ ነው ብዬ እተወው ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈና ደርግ ወደቀ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከቀትር በኋላ፣ ከማል በሩን ገፍቶ ገባ። ከስቷል፣ አንድ ጥርሱን አጥቷል፣ ሕያው ነው። ለዓመታት በምርኮ ነበር የቆየው፣ ተራራ ለተራራ ሲያዛውሯቸው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ፣ እልል ተባለ፣ ጎረቤቱ ሞላ፣ እኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አልለቅ አልኩ። አባቴ ግን አቅፈው ስመው ሲያበቁ በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው አራቁትና በደንብ አዩት።

«ጎርጎራ መጥተህ ነበር?» አሉት።

ከማል ወደ እኔ ዞረ፣ ሽማግሌው መጃጀታቸው ነው ወይ በሚል ዓይን። የት ጎርጎራ አባባ፣ ከዚያ ካምፕ ወጥቼ አላውቅም አላቸው። አባቴ እጃቸውን አወረዱ። ሰዉ ሁሉ ሲስቅ እሳቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

የዘይነባን ነገር የነገርኩት እኔ ነኝ። ጨርሶ ሰማኝ፣ እርሳሱንም፣ ታንኳ ቀዛፊውንም፣ እርጥቡን ድንጋይም ነገርኩት፣ ያልነገርኩት የለም። ዘይነባን ጥሩ አደረጋችሁ አለ፣ ከልቡም ነበር፣ አንድ ቀን ማክሰኝት ወርዶ ከሩቅ ልጇን አዝላ ስታልፍ አይቷት ተመልሷል፣ ከዚያ ወዲህ ስሟን አላነሣም። ስለዚያ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ፊቱን ሳታዩ ከማል ነው አላችሁት?»

አባቴ ከዚያ ወዲያ ዓሣ ማጥመድ ተዉ፣ ጎርጎራ ሲባል ወሬ ይቀይራሉ፣ ነገሩን በግልጽ የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሊሞቱ ሲቃረቡ፣ አልጋቸው ላይ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ይዘው ታዲያ ያ ማን ነበር አሉኝ፣ ለዘይነባ ነው የመጣው ወይስ ለሌላ ነገር አሉኝ። አላውቅም አባባ አልኳቸው። እሳቸውም አልጋቸውን ከግድግዳው ጋር አስጠግተን እንድናዞርላቸው አዘዙ፣ ከኋላቸው ማንም የሚቀመጥበት ቦታ እንዳይኖር።