እህቴ ገደብ ሄደ

ሰውየው ከዲላ አጠገብ ጪጩ ላይ ባዶውን ሚኒባስ አስቆመ። የቡና ጆንያ ታቅፏል።

ሙንተሲር በሩን ከፈተለት። ለተሳፋሪ ረዳት ነው። ለስለላ ቢሮው ግን የምስጢር ስሙ «ወፍጮ»።

«ቤት ሰላም ነው?»

«እህቴ ገደብ ሄደች» አለ ሰውየው።

ሙንተሲር ቀዘቀዘ።

የይለፍ ቃሉ «እህቴ ገደብ ሄደ» ነበር። ሙንተሲር በመልክ የማያውቀው መልእክተኛ፣ ከፍያለው፣ የኢዲዶ ገበሬ ነው፤ በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። ስህተቱ ራሱ ነበር ምልክቱ። አንድ ሰው አርሞታል።

ሰውየው ጥቁር ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥ አቀበለው።

ተመራማሪዋ ሱራያ ዲላ ሆስፒታል ውስጥ እያጣጣረች ነው። ሥራዬን አልሸጥም ስላለች ሊገዙ የመጡት መረዟት። ደም ውስጥ ገብተው መርዝ የሚይዙ፣ ከዚያ በማግኔት ተስበው የሚወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች የሠራችው እሷው ናት። የቀረው ከፍያለው የሚያመጣው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው።

ሙንተሲር ማግኔት አውጥቶ ብልቃጡን ነካ።

ፈሳሹ ንቅንቅ አላለም።

ቀለም ነው።

ምልክቱን ከእሱና ከከፍያለው ሌላ የሚያውቁት አለቃው ጓንጉልና ዶክተር ሙስአብ ናቸው። ሙስአብ የሱራያ እጮኛ ነው። ከሃዲው እሱ እንዲሆን ሙንተሲር አጥብቆ ተመኘ። ሙንተሲር ከውጭ ትምህርቱ ሲመለስ፣ የሚወዳት ሱራያ የሙስአብን ቀለበት አድርጋ ነበር የተቀበለችው።

ግን ሙስአብም የገደብ ከተማ ልጅ ነው፤ እንደ ከፍያለው በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። «ሱራያ መጣ» ይላል። እሷ ትስቃለች። ሙንተሲርን እንቅልፍ የነሳው ያ ሳቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ሄደ»ን «ሄደች» ብሎ አያርምም።

ሪፖርት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርመው ጓንጉል ነው።

ሰውየው እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ።

ሙንተሲር ቀደመው። ክንዱን ጠምዝዞ ከበሩ ጋር አላተመው። ከጃኬቱ ሽጉጥና ሌላ ብልቃጥ ወጣ። ማግኔቱን አስጠጋ። ፈሳሹ እንደ ጃርት እሾህ ቆመ።

«ከፍያለውስ?»

«እሱ አልቆለታል» አለ ሰውየው። ሙንተሲር ብልቃጡን ኪሱ ከተተ።

«ጓንጉል አይለቅህም!» አለ ሰውየው።

«መጀመሪያ ያግኘኝ።» ገፍትሮ አወረደው። «ሙሌ፣ ንካው!» ሹፌሩ ነዳጁን ረገጠ።

ሙስአብ በሆስፒታሉ ጓሮ በር ቆሞ ነበር። ብልቃጡን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ወላሂ፣ ውለታህን አልረሳም። ሱራያ ሲነቃ ማን አመጣው ልበለው?»

እርማቱ የሙንተሲር ምላስ ላይ መጣ። ዋጠው።

«አንድ ረዳት በለው።»

ስልኩን ሰብሮ ቱቦ ውስጥ ጣለ። የሚመለስበት ቢሮ የለም። ግን አልሄደም። ከመንገዱ ማዶ፣ የሱራያ መስኮት ሥር ጠበቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱ ተከፈተ።

«ነቃ!» ሙስአብ እያለቀሰ ይጮሃል። «ሰዎች! ሱራያ ነቃ!»

ከውስጥ የደከመ የሴት ሳቅ ተሰማ።

«ሀገረ ማርያም! አንድ ሰው!» አለ የሌላ መኪና ረዳት።

ሙንተሲር ገብቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።