ስክሪፕቱ የጠራቸው ሰዎች

ስለ መንፈስና ስለ ተአምር ወሬ ሲነሳ ሰዓቴን አይቼ ከመሀል የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ የታዘዘውን ይሠራል፣ ካልታዘዘ አይሠራም፣ በቃ፣ ዓለምንም እንደዚያ ነበር የማያት፣ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው።

ሶዶ ያለው ድርጅታችን አንድ የገጠር ፕሮጀክት ዘጋና ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፣ አለቃዬ "ኢሜይላቸው ይቆይ፣ ስማቸው ግን ከአድራሻ ማውጫው ላይ ይደበቅ፣ ሰኞ ስገባ እንዳላየው" አለችኝ፣ አንድ በአንድ እየከፈቱ መደበቅ ደግሞ ቀኑን ስለሚፈጅ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሁሉንም በተራ የሚደብቅ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ጻፍኩና አስነሳሁት፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ስሞቹ እየተደበቁ ቀስ ብለው መውረድ ጀመሩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ገሱባ ያለው ታምራት ነው፣ የፕሮጀክቱ ሾፌር የነበረው።

"አቤት ሄኖክ፣ የት ነህ?"

"ቢሮ ነኛ፣ ምነው?"

"ባክህ አትቀልድ፣ አሁን ከጓሮ ጠራኸኝ እኮ! እንሰቱ መሀል ገብቼ እየፈለግኩህ ነው።"

ሳቅኩ። ገና ስዘጋው ቢጠና ያለችው ብርቱካን ደወለች፣ የሒሳብ ሠራተኛችን ነበረች፣ "በስሜ ጠርተኸኝ በሩን ስከፍት የት ገባህ?" አለችኝ። ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳየው፣ እመኑኝ፣ ስሞቹ የተደበቁት በደወሉልኝ ተራ ነው፣ ታምራት፣ ከሥሩ ብርቱካን፣ ከእሷ ሥር ደግሞ ገና ያልደወሉት ዳና። ስክሪፕቱን አቋረጥኩት።

ጋሽ ዳና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበሩ፣ ሻንቶ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁሌ "ኢሻ" ነው የሚሉኝ፣ በወላይትኛ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ስደውል ባለቤታቸው አነሱት።

"እንዴ፣ ካንተ ጋር አይደለም እንዴ? ከውጭ ስትጠራው 'አቤት፣ መጣሁ' ብሎ ወጣ፣ ስልኩንም አልያዘ። እኔም ሰምቻለሁ፣ ያንተ ድምፅ ነው!"

ሻንቶ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ይፈልጋል፣ ባለቤታቸው እኔን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ፣ አልፈረድኩባቸውም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳና በእግራቸው ከመንገዱ ማዶ ብቅ አሉ፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ፣ ፊታቸው ግን የሚወዱትን እንግዳ ሸኝተው የተመለሱ ይመስላል። ሲያዩኝ ክው ብለው ቆሙ።

"ኢሻ! በምን ቀደምከኝ? አሁን እኮ ነው ወንዙ ጋ የተለያየነው።"



"ጋሽ ዳና፣ እኔ ከሶዶ ገና መምጣቴ ነው፣ ከማን ጋር ነበሩ?"

"ካንተ ጋር ነዋ።"

"ምን አልኩዎት?"

ትከሻዬን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ "'እኔ ራሴ መጥቼ ብጠይቅዎት እንኳ እንዳይነግሩኝ' ብለህ ቃል አስገብተኸኝ የለም እንዴ?" አሉኝ።

በማግስቱ የቀሩትን ስሞች አንድ በአንድ በእጄ ደበቅኳቸው፣ ማንም አልደወለም። ጋሽ ዳናን ለምኛቸዋለሁ፣ ተቆጥቻቸዋለሁ፣ ፓስተራቸውን ሳይቀር ልኬባቸዋለሁ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ብቻ ሻንቶ ገበያ በተገናኘን ቁጥር፣ ስንለያይ የመጨረሻችን መሆኑን የሚያውቁ ይመስል እጄን ቶሎ አይለቁትም፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።